የእትዬ ዘነበች የቤይሩት ጉዞ

እኛ ሰፈር ጉዞ የተጓዡ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንድ ሰው «ልሄድ ነው» ካለ ሻንጣ ሳይገዛ አማካሪ ይበዛበታል፤ በተለይ ደብረ ዘይትን ያላለፈው አማካሪ ድምፁ ከሁሉም ይጎላል። ሌላ ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ራሴ ነው የማወራው። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ፣ አገራችንም የነበራትን ባሕር ከተሰናበተች በኋላ፣ መካኒሳ ቁጭ ብዬ የቤይሩት አስጎብኚ ሆኜ ነበር።

ተጓዧ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ናቸው። ከለቡ ገበሬዎች ጎመንና ድንች እየተረከቡ ጉሊት ይቸረችራሉ። አንዲት ልጃቸው አልማዝ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች አራት ዓመት አልፏታል። አሠሪዋ «እናትሽ መጥታ ትይሽ፣ የጥሪውን ወረቀት እኔ እልካለሁ» አለቻት ተባለና ሰፈሩ በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ።

እኔ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ስልክ አለ፣ አልማዝም የምትደውለው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ እጄ ገባ። ከአንድ ወዳጄ የጉዞ መጽሐፍ ተውሼ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አነብላቸው ጀመር። ከተማዋ ጥንታዊት ናት፤ መሬቷ በተቆፈረ ቁጥር የሮማውያን ዓምድ ይወጣል። ዘመናዊትም ናት፤ ጦርነት ባፈረሰው ላይ አዲስ ፎቅ እየበቀለ ነው። «በመጀመሪያው ቀን ፍርስራሹን፣ በሁለተኛው የባሕሩን ዳርቻ» እያልኩ በእስክሪብቶ ስደለድል፣ እትዬ ዘነበች በትዕግሥት ያዳምጡኝና «እሱስ ይሁን፤ የምትተኛበትን ክፍል የማየው ስንተኛው ቀን ነው?» ይሉኛል።

ዕቅዴ ውስጥ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም።

«እሱማ እግረ መንገድዎን ያዩታል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እግረ መንገዴን? አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ድንጋይ ለማየት አይደለም ይህን ሁሉ የምደክመው! የምትተኛበትን አይቼ፣ ትራሷን ዳብሼ ልመለስ ነው።»

አፈርኩ። ፍርስራሹን ግን ከዕቅዱ አላወጣሁትም።

አንድ ሐሙስ ስልኩ ጮኸ። አልማዝ ናት። «ጋሼ፣ ማዳም ሐሳቧን ቀየረች፤ ወረቀቱን አትልክም። ለእማዬ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ አልችልም» ብላ አለቀሰች። እናቲቱ በርበሬውን አስፈጭተው፣ ሽሮውን ነፍተው፣ ሻንጣ ውስጥ ከትተው ጨርሰዋል። በምን አፌ ልንገራቸው?

ሲጨንቀኝ የእድራችን ዳኛ አቶ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። አቶ ደምሴ ጥቂት አሰቡና «ይህን የመሰለ ነገር ለብቻ አይነገርም» አሉ። «ሴትዮዋ ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሰው ይዘን በማለዳ እንሄዳለን።» እውነትዎን ነው አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ አትሉም ነበር? እኛ ዘንድ ከባድ ነገር የሚነገረው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ አምስት ሆነን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ድምፃችንን አጥፍተን በራቸውን አንኳኳን። እትዬ ዘነበች ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን። ማናችንም «እንዴት አደሩ» ሳንል «ልጄን! ልጄን!» ብለው ደረታቸውን እየደቁ ወደቁ።

ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ የማታውቅ እናት አገራችን ውስጥ አለች? ከአምስታችን ግን አንዳችንን እንኳ ይህ ትዝ አላለንም። የመርዶ አካሄድ ሄደን መርዶ አይመስላቸውም ብለን ነበር። የጅል ሥራ!

ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የደረሱ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ተንበርክኬ እጃቸውን ይዤ «ደህና ናት! አልማዝ ደህና ናት! ከትናንት ወዲያ በስልክ አናግሬያታለሁ! የቀረው ጉዞው ነው፣ ጉዞው ብቻ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። በመጨረሻ ሰሙኝ።

«ጉዞው ብቻ?» አሉ። «ማርያምን በል!»

«ማርያምን!»

ተነሥተው ጉልበቴን ሳሙ። የአቶ ደምሴንም ሳሙ። «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ እልል አሉ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አስተካክለው እልልታውን አቀለጡት። ስንት ወር የተደከመበት ጉዞ ቀርቶ ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። ስንወጣ አቶ ደምሴ «አየህ፣ ሰው ይዞ መሄድ ጥሩ ነው» አሉኝ። አላፈሩም።

ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ብመለስ ግቢው ጭር ብሏል። እትዬ ዘነበች ሻንጣውን ከፍተው በርበሬውን እያወጡ ያለ ድምፅ ያለቅሳሉ።

«ጠዋት የተደሰትኩት ከልቤ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ግን ልጄን አላየኋትም እኮ።»

ጠዋት ለውሸቱ ለቅሶ ሰፈሩ በሙሉ ደርሶ ነበር፤ ለእውነተኛው ማንም አልመጣም። በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ አይደረስም፣ ድንኳንም አይተከልም። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ክፍሌ መስኮት አለው ብላህ ታውቃለች?» አሉኝ።

አልማዝን ስንት ጊዜ በስልክ አግኝቻታለሁ፤ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ፍርስራሹ ጠይቄያታለሁ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኳቸው።