ጀልባ ውስጥ «ኖር» ማለት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለኢየሩሳሌም ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል? ከተማው ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው። እኔ የምከራያት ክፍል ከሃነቪኢም መንገድ ገባ ብሎ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረች። ብዙ ውሃ አየሁ ከተባለ ጎረቤቴ ደረጃ ያጠበች ቀን ነው። የጎንደር ልጅ ብሆንም ጣናን ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። የመዋኘቱን ነገርማ አታንሱብኝ!

ታዲያ ማን ባሕር ውስጥ ከተተህ ብትሉኝ፣ ኦርሊ። ኦርሊ እዚሁ የተወለደች፣ ውትድርናዋን ባሕር ኃይል የጨረሰች፣ ያፎ ወደብ ላይ የሸራ ጀልባ የምታስተምር የእኛው ልጅ ናት። ላገባት ፈለግሁ። እሷ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ቀን ጀልባዬ ላይ ዋል፣ የሚነግሩህን የምትሰማ ሰው መሆንህን ልይ አለችኝ። እኔም አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የመጥረጊያ እንጨት እንደ መሪ ይዤ መለማመድ ጀመርኩ። አንዲት እመሆይ በመስኮት አይተውኝ ሦስቴ አማተቡ።

አባቷ አባ ተዘራ ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። ልጃቸውን የጠየቀ ሁሉ «ሥርዓት አያውቅም» ተብሎ ይመለሳል። አንዱ የተባረረው ሻይ በግራ እጁ ስላቀበላቸው ነው አሉ። ዐርብ ጠዋት እኔን ለመመዘን ጋቢያቸውን ደርበው አብረውን ወደ ያፎ ወረዱ።

ኦርሊ መጀመሪያ እኔን ብቻ ይዛ ወጣች። ጀልባዋ ጠባብ ናት፤ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ሸራ፣ አንድ የመሪ እንጨት፣ በቃ። ሕጉም አንድ ነው አለችኝ፤ የፈለገው ቢመጣ እንዳትነሳ! ወዲያ ወዲህ ማለት ካማረህ በቂጥህ ተንፏቀቅ። በሴደር፣ እሺ፣ አልኳት። እና ታምናላችሁ? ተዋጣልኝ! ሸራውን ሳብ ሳደርገው ጀልባዋ ትበራለች። ኦርሊ ጥርሷ አልከደን አለ። እንዲያውም ሠርጉ በጋ ላይ ቢሆን ይሻላል ብላ አፏ አመለጣት። እኔማ ያን ጊዜ የባሕሩ ንጉሥ ነበርኩ።

ከዚያ አባ ተዘራን ልንጭን ወደ ወደቡ ጠርዝ ተጠጋን። ሰደርያውን፣ ያንን የሚያንሳፍፈውን፣ ከጋቢው በላይ አጥልቀውላቸዋል። አንድ እግራቸውን አንስተው ጀልባዋ ውስጥ አስገቡ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ታላቅ ሰው ሲገባ እኔ ተጎልቼ ልይ? ኧረ በሕግ! እግሬማ እኔንም አላማከረኝ። ብድግ! «ኖር!» አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ። ኦርሊ «ሼቭ! ሼቭ! ተቀመጥ!» ብላ ጮኸች። ምን ዋጋ አለው፣ ጀልባዋ ግልብጥ አለች።

ሦስታችንም ውሃ ውስጥ። አባ ተዘራ ብቅ ሲሉ፣ የጠጡትን ጨው ተፍተው መጀመሪያ የተናገሩት ምን መሰላችሁ?

«በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ!»

የት ልቀመጥ?

ሰዎች ጎትተው አወጡን። አባ ተዘራ ከጋቢያቸው ውሃ እየተንጠፈጠፈ ፍርዳቸውን ሰጡ። እዚህ አገር አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ለሽማግሌ የሚነሳ ጠፍቶ፣ ይሄ ልጅ እንደሚሰምጥ እያወቀ ተነሳልኝ አሉ። ከዚህ ወዲያ ማንም ልጄን እንዳይጠይቀኝ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ኦርሊ ዞርኩ።

ኦርሊ የተገለበጠች ጀልባዋን አየች። ጸጉሯን ጨመቀች።

«ጥሩ ተስማምታችኋል» አለችኝ፤ «በል እሱን አግባው።»