ፕሬሷ የፈተሸችኝ ቀን

ወላሂ እውነት ነው! አንዲት ፍሬ ውሸት ካለበት ይህ ጢሜ ይንደድ። ትናንት ረፋድ ላይ፣ ማሽኔ ሥር ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ሌላ ሰው የሚያየው ዓይነት ሕልም እንዳይመስላችሁ፤ ሰባት አገር የሚያክል ነው።

በሕልሜ የቆርቆሮ ፋብሪካችን ማሽኖች ቱታ ለብሰው ይንጎራደዳሉ። እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ በብሎን ከወለሉ ጋር ተገጥመን ተደርድረናል። ግንባራችን ላይ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ፣ አፋችን ላይ የብረት መከለያ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ያዘዝኳት፣ ቆርቆሮ የምትጨፈልቀው ትልቋ ማሽን ፕሬስ መነጽር አድርጋ፣ መዝገብ ይዛ መጣች። እንዴት ያለች ፈታሽ መሰለቻችሁ! በዓለም ላይ እኩያ የላትም፤ ከእኔ በቀር።

መጀመሪያ ከጎኔ የቆመውን ይመርን ያዘች። ሲያወራ የግንባሩን ቁልፍ ተጫነችው፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ቀጥ አለ። አላመነችም። ሦስት ጊዜ ደገመች። ከዚያ የአፉን መከለያ ከፍታ የሸንኮራ አገዳ አስገባችበት። መከለያው ሲከፈት መቆም አለበትና መንጋጋው አልተንቀሳቀሰም።

«በጣትሽ አትሞክሪም እንዴ?» አልኳት።

«ጣት መሞከሪያ ነው ያለህ ማነው?»

ኧረ አንጀቴን አራሰችው! ማሽኖቹ ሁሉ አጨበጨቡላት።

ተራዬ ደረሰ።

«ስምህ?»

«ሙሄ! የፕሬሶች ንጉሥ!»

«ዘውድህን አልጠየቅኩህም» አለችና ግንባሬን ተጫነችው። እኔ ግን ሲኖትራክ በአንድ እጄ ከገደል ያወጣሁበትን ወሬ ቀጠልኩ። በሁለት እጇ ተጫነችው። ወሬው ሽቅብ ወጣ። መከለያዬን ከፍታ አገዳውን ብታስገባ፣ ቀርጨም! እስከ ሥሩ በላሁት።

ጎንበስ ብላ ከጆሮዬ ኋላ ሽቦ አገኘች።

«መከለያህ ተከፍቶም እንድትሠራ ይህን ያሰረው ማነው?»

«እኔው ነኛ! መከለያ ሥራ ያጓትታል። የሰነፍ ነው።»

እጇን ዘረጋችልኝ። ሦስት ጣት ብቻ ነበራት።

«ሁለቱን የት የተውኳቸው ይመስልሃል? ሽቦ የታሰረበት አፍ ውስጥ።»

ከመነጽሯ ሥር ዘይት ጠብ አለ። እኔ በአባቴ ቀብር ያላለቀስኩት ሰውዬ፣ በርሜል ሙሉ አለቀስኩ። እሷ ፒንሳዋን አውጥታ ሽቦውን ጠቅ! ስታደርገው መንጋጋዬ ቆመ፤ ነቃሁ።

ስነቃ ምን ያደረግኩ መሰላችሁ? የሠላሳዎቹን ማሽኖች መከለያ በአንድ ትንፋሽ ፈተሽኩ! የራሴ ፕሬስ መከለያ ላይ ያሰርኩትን ሽቦማ በጥርሴ ነው የበጠስኩት!

ይህን ዛሬ በሻይ ሰዓት ስተርክ የፋብሪካው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። የማሽን ፈታሿ ከዲጃ ብቻ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጋሼ ሙሄ፣ አንቱ እኮ አልተኙም» አለች በለሆሳስ። «ማሽኑ እየሠራ መከለያውን ከፍተው እጅዎን ሰደዱ። ፕሬሷ ቀጥ አለች። አንቱ በድንጋጤ ራስዎን ሳቱ። ውሃ ያፈሰስንብዎት እኔና ይመር ነን።»

«ሽቦውስ?» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኖ።

«ትናንት ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር ስፈትሽ ቆርጬዋለሁ። ፕሬሷ የቆመችልዎት ለዚያ ነው።»

ከኪሷ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው። በአምስቱም ጣቶቼ ጨበጥኩት።