ድንኳን የለመደ ግቢ

አሮጌ ቤት ልግዛ የሚል ሰው ሲያማክረኝ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ ሰው አታገኙምና ስሙኝ። ምሰሶው ጥድ ይሁን ባሕር ዛፍ ጠይቁ። ግድግዳውን መታ መታ አድርጉና ምስጥ የበላውን በድምፁ ለዩት። ጣሪያውን በፀሐይ ቀን ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ እዩት። ካርታውንማ እንኳን እኔ ደላላውም አይረሳውም። ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ። የረሳሁት ግቢው ምን እንደለመደ መጠየቅ ነው።

ቤቱ ብስራተ ገብርኤል ነው። ሰፈሩ ገና ሜዳ ሳለ አንድ ፊታውራሪ ያሠሩት፣ በረንዳው ዙሪያውን የሚሄድ፣ ግቢው ፈረስ የሚያስጋልብ ቤት ነው። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል፤ ለቡ ያለውን ኮንዶሚኒየማችንን ሸጠን፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባችንን ጨምረን ልንገዛው ስንል ባለቤቴ አልማዝ አልወደደችውም። "ሁለት ሰው እዚህ ውስጥ ተጠፋፍቶ ይቀራል" አለች። ስለ ታሪክና ስለ ቅርስ ሰበክኋት። በመጨረሻ፣ እስከ ፋሲካ ካልለመደችው ልሸጠው ቃል አስገብታኝ ተስማማች። ሻጯ የፊታውራሪው የልጅ ልጅ ነበሩ፤ ቁልፉን ሲሰጡን "ሰው ትወዳላችሁ?" ብለው ጠየቁን። "እንዴታ" አልኩ። ሰው አልወድም ብሎ ቤት የሚገዛ የት አለ?

ገባን። አልማዝ ቀኑን ሙሉ ከልጆቿ ጋር በስልክ ታወራና ማታ ያንን የሚያህል ሳሎን ውስጥ ጋቢዋን ተከናንባ ትኮራመታለች። ቤቱ ከእጄ ሊያመልጥ መሆኑ ገባኝ፤ ከፋኝም። ምናልባት ብትወደው ብዬ ግቢውን ሣር አለበስኩት፣ መሃሉ ላይ ጽጌረዳ ተከልኩ።

ሣሩ ገና ሥር ሳይዝ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ብረትና ሸራ የተሸከሙ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት ሽማግሌ የእድሩ ዳኛ መሆናቸውን ነገሩኝና "ጋሼ፣ በሩን ሁለቱንም ይክፈቱልን፤ ጎረቤትዎ አቶ መኮንን አርፈዋል" አሉኝ።

"ድንኳኑ እኔ ግቢ ነው የሚተከለው?"

"ታዲያ የት ይተከል? የሌላው ግቢ ጠባብ ነው። ዱሮም እዚሁ ነው።"

ስለ ግል ንብረት ጥሩ ንግግር አሰናድቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ አልማዝ ከኋላዬ መጥታ መቀርቀሪያውን ሳበችው። "ግቡ" አለች።

ገቡ። አግዳሚው ወንበር ገባ፣ የእድሩ ድስት ገባ፣ ጓዳዬን ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሴቶች ገቡ። ሣሬ አለቀለት። ለቀስተኛው የሐዘኑ ባለቤት እየመሰልኩት "እግዚአብሔር ያጥናዎት" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ሟቹን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ደህና አደሩ አላልኳቸውም። አፈርኩ። ቀና ስል አልማዝ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ለሟች ሚስት ውሃ እያጠጣች፣ ከወዲያም ከወዲህም "እትዬ አልማዝ" እየተባለች ትጠራለች። ስልኳ የት እንደወደቀ እንኳ አታውቅም።

ፋሲካ ደረሰ። ቃል ቃል ነውና "ደላላ ልጥራ?" አልኳት። በረንዳው ላይ ከአቶ መኮንን ባለቤት ጋር ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

"የምን ደላላ? ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሰርግ አለብን" አለች።

"የማን ሰርግ?"

"የጎረቤት ነዋ።" ከዚያ ግቢውን ቃኘት አደረገችና በቢላዋው ጫፍ ጽጌረዳዬን አሳየችኝ። "ለድንኳኑ ይጠበናል፤ እሷን ንቀላት።"

ነቀልኳት።