ባሌ ፓይለት የሆነብኝ ጊዜ

ባሏ ጠጪ የሆነባት ሴት አውቃለሁ። ባሏ ሰባኪ የሆነባትም አውቃለሁ። የእኔ ባል ግን ፓይለት ሆነብኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ለዚህ ማን ሽማግሌ ይላካል?

ባሌ ታደሰ ይባላል። ካርቱም በነበርንበት ጊዜ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ከተማ ማቀዝቀዣ ይጠግን ነበር። በወጣትነቱ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲማር ፖለቲካ ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ ፖለቲካው እሱ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ሁለቱም በመተማ በኩል ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ሱዳኖች መፍቻ የያዘን ሰው ሁሉ «ባሽሙሃንዲስ» ይሉታል፤ ኢንጂነር እንደማለት ነው። ስደት ከሰጠው ነገር ሁሉ ታደሰ የወደደው ይህን ማዕረግ ብቻ ይመስለኛል።

ልጃችን ወደ ካናዳ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ትቶልን ሄደ። እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። አውሮፕላን ማብረር የሚያስተምር ሲሙሌተር ነው። ጨዋታ ነው እንዳልል ማን ሲስቅበት አየሁ? ደግሞ ከአዲሶቹ አውሮፕላኖች አንዱን ቢመርጥ ምን ነበረበት? እነሱ ቁልፍ ተጭነህ ሻይህን የምትጠጣባቸው ናቸው አሉ። አይ! ታደሰ የመረጠው በልጅነታችን በላያችን ያልፍ የነበረውን፣ ሦስት ሞተር ጭራው ላይ የተሸከመውን፣ ዛሬ የትም ሰማይ ላይ የማይታየውን አሮጌ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

የመጀመሪያው አርብ፣ ሥራ የለም፣ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጠ ነው። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላት አዛን ሲባል አውሮፕላኑ አንዲት መብራት እንኳ አላበራም።

«ሞቶ ነው?» አልኩት።

«ተኝቶ ነው» አለኝ።

ለካ ይህ አውሮፕላን ዝም ብሎ አይነሳም። መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሆዱ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሞተር፣ እሷ ደግሞ ለትልልቆቹ አየር ትነፋለች፣ ከዚያ ነዳጁን በልኩ… ከቀደምክ ይቃጠላል፣ ከዘገየህ ይጠፋል። አማት እንኳ እንዲህ አታስቸግርም። በማግሥቱ ታደሰ ፊቱ ጠቁሮ መጣና «ነገሩ ገባኝ» አለ። «ይህን አውሮፕላን አንድ ሰው አያበረውም። ሦስት ሰው ነው የሚያስፈልገው። አብራሪ፣ ረዳት አብራሪ፣ ደግሞ ጎን ላይ የሚቀመጥ የበረራ መሐንዲስ።»

«ታዲያ መሐንዲሱን ከየት ልታመጣ ነው?»

አየኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ምስሩ ከእጄ ወደቀ።

እንዲህ ነው የበረራ መሐንዲስ የሆንኩት። ሁለተኛ ስክሪን ከባሕሪ አመጣና ጎኑ ላይ አቆመልኝ፤ ፊቱ ወደ እኔ፣ ጀርባው ወደ እሱ። ሰዓት የሚመስል ነገር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮበታል። ነዳጁ በእኔ፣ ኤሌክትሪኩ በእኔ፣ ተሳፋሪ የሚተነፍሰው አየር ሳይቀር በእኔ እጅ ሆነ። ባሕሪ ላይ ባሽሙሃንዲስ እሱ፣ ሰማይ ላይ እኔ! መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ። ኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ካፒቴን፣ ጄኔሬተር ገብቷል» ብዬ ባሌን ሳዝዘው ደስ ይለኝ ጀመር።

መጀመሪያ ከካርቱም የተነሳን ዕለት የሆነውን ስሙ። ያ ግዙፍ ነገር አስፋልቱን ጨርሶ፣ ታደሰ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ መሬት ለቀቅን። ልቤ አፌ ላይ ደርሷል። በዚህ መሀል ሁሉ ነገር ድርግም!

«ሦስቱም ሞተር ጠፋ!» ብዬ ጮህኩ።

ታደሰ መሪውን እንደጨበጠ ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ማራገቢያ ቀና አለ። ማራገቢያውም እየቆመ ነው። «ሞተሩ አይደለም ዘነቡ» አለ። «አርካዊት ናት የጠፋችው።»

አርካዊት ሰፈራችን ናት፤ ካርቱም ለኖረ ሰው ካህራባ፣ መብራት ማለት ነው፣ መጥፋቱ አያስደነግጥም። አየር ላይ ሆናችሁ ሲጠፋ ግን ሌላ ነው። በሳምንቱ የመኪና ባትሪ አምጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ማቀዝቀዣችን በጨለማ እየቀለጠ አውሮፕላናችን ይበራል።

ከዚያ አንድ አርብ፣ ሳያማክረኝ፣ «ዛሬ አዲስ አበባ ነን» አለ።

ምን እላለሁ? ሁለታችንም የስደተኛ ካርድ እንጂ ፓስፖርት የለንም። የእሱ የፖለቲካ ጉዳይ ደግሞ አገር ቤት ገና ያልተዘጋ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ የሚባለው ቃል ቤታችን ውስጥ ብዙ አይነሳም። ነዳጅ ሞላሁለት። በረርን። ሜዳው አለቀ፣ ተራራው ጀመረ፣ ታደሰ እያፏጨ ዝቅ ማለት ጀመረ።

«ታደሰ፣ ዛፍ አየሁ» አልኩ።

«ገና ብዙ ከፍታ አለን፤ ዛፍ እዚህ ምን ይሠራል?»

እንጦጦ ነበር። ተላተምንበት። ስክሪኑ ቀጥ አለ።

እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለ አገር ስትኖሩ መሬት ሁልጊዜ ታች ይመስላችኋል። የእኛ አገር ግን መሬቱ ሰማይ ላይ ነው ያለው፤ አውሮፕላኑ ገና ከፍ ብሎ ሳለ መሬቱ መጥቶ ይቀበለዋል። ታደሰ ግንባሩን ይዞ፣ «አገሬ ከፍ ያለች መሆኗን እኮ ረሳሁት» አለ። ልስቅበት ነበር። ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

አሁን ሐጃ ነፊሳን ላስተዋውቃችሁ። ግድግዳ የምትጋራን ሱዳናዊት ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተ፣ ልጇን ድራ ብቻዋን የምትኖር። ዘነቡ ማለት ስላልሆነላት «ዘይነብ» ትለኛለች። እንጦጦ ላይ የጮህኩትን ጩኸት ሰምታ ኖሮ፣ ጦብዋን፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙትን ረጅም ልብስ፣ እየጎተተች እየሮጠች መጣች። ሱዳናውያን እናቶች ሲደነግጡ «ሰጀሚ!» ይላሉ፤ እኛ «ወይ ጉዴ!» እንደምንለው ነው። «ሰጀሚ! ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም ሐጃ። ጣያራው ነው የወደቀው።»

ጣያራ አውሮፕላን ነው፤ ይኼማ ባሰ! ውሃ አጠጥተን፣ አስቀምጠን አስረዳናት። ገብቷት ይሁን ሳይገባት እንጃ፣ በሚቀጥለው አርብ ግን ንጹሕ ጦብ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ከኋላችን ተቀምጣ የመንገድ ዱዓዋን አደረገች። «ያላ፣ እኔም አገራችሁን ልይ» አለች። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። እኔስ የት አውቃለሁ?

ያን ቀን ታደሰ እንጦጦን በአክብሮት አለፈው። ከተማዋ ታየች። አስፋልቱ ፊት ለፊታችን ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ጎማው ወረደ። እኔ የመጨረሻውን እያረጋገጥኩ ሳለ አውሮፕላኑ እንደገና ሽቅብ ማለት ጀመረ።

«ምን ሆንክ?»

«እንመለስ» አለ።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም። እንዲሁ ዘው ተብሎ ይገባል እንዴ? ስሜ እዚያ በር ላይ የሚፈለጉት ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ዘነቡ።»

ክው አልኩ። «ታደሰ፣ ይኼ እኮ ኮምፒውተር ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። ግን ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ማራገቢያው በላዩ እየዞረ። በዚያ ሁሉ የስደት ዘመን፣ የመኖሪያ ወረቀት ሲዘገይ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው ታደሰ ፍርሃቱን እዚያው መተማ ጥሎት የመጣ ነበር። ለካ ሻንጣ ውስጥ አብሮን ኖሯል።

ሰሌዳዬን አየሁ። ካርቱም ተመልሰን፣ ከፈለግን ፖርት ሱዳን የሚያደርሰን ነዳጅ አለ። ታደሰ ደግሞ የእኔን ስክሪን አያየውም።

«ነዳጁ ለመመለስ አይበቃም» አልኩት።

«ምን?»

«አይበቃም አልኩህ። መሐንዲሷ እኔ ነኝ። አሳርፍ!»

ሐጃ ነፊሳ ከኋላ፣ ቃሉ ሳይገባት ድምፄን ብቻ ሰምታ፣ «ስሚያት ልጄ፣ ስሚያት! አይ… ስማት!» አለች፤ ስትደነግጥ ወንድና ሴት ይምታታባታል፣ ቋንቋችን ከእኛ የለቀመችው ነው። ታደሰ ዞረ። አስተካከለ። አሳረፈ። እንዲያ ያለ ልስላሴ! ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አላሳረፈም። ሐጃ እልልታዋን አቀለጠችው።

አውሮፕላኑ ቆመ። ሐጃ ቦርሳዋን አንስታ፣ «ለምን አንወርድም?» አለች።

የበሩ መክፈቻ አንዲት ቁልፍ ናት። «በል ክፈተው» አልኩት። እጁን ወደዚያ ዘረጋና መለሰው። «ይቅር» አለ። «ማረፋችን ይበቃል።» ተነሥቶ ግቢ ወጣና ፊቱን በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ ቆየ። የነዳጁን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ የነዳጁ በርሜል ግን በእኔ በኩል ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አርካዊት ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አትርቅም። በየቀኑ በላያችን ሲነሱና ሲያርፉ የነበሩት አውሮፕላኖች በአንድ ጠዋት ጭስ ሆኑ፤ ታደሰ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አይቶ ወረደ። ኮምፒውተሩን ጥለን፣ ልብሳችንን ጠቅልለን፣ አውቶቡስ እየቀያየርን ገዳሪፍ ደረስን። ሐጃ ነፊሳን ልጇ ይዛት በሌላ መንገድ ሄደች፤ ወዴት እንደሆነ አላወቅንም። ከገዳሪፍ መተማ ቅርብ ነው። «ቅርብ ነው» እለዋለሁ። «ቅርብማ ነው» ይለኛል። እዚያው ገዳሪፍ ቤት ተከራየን፣ እሱም ማቀዝቀዣውን ቀጠለ።

አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው፣ የኢትዮጵያ ቁጥር። አገሬ ስትደውልልኝ የደነገጥኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

«ዘይነብ! እኔ ነኝ፣ ነፊሳ! አገራችሁ ገብቻለሁ!»

በመተማ በኩል ገብታ ነው። ደኅና ናት፣ ልጇም ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አልቅሰን ስናበቃ በስደተኝነት የተመዘገበችበትን ቀን አወራችኝ። መዝጋቢው ልጅ ትሑት ነው አለች። በአስተርጓሚ «እማማ፣ ከዚህ በፊት ኢትዮጵያ ገብተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃት። ሐጃ ነፊሳ ሐጅ ያደረገች ሴት ናት፣ አትዋሽም። «አንድ ጊዜ፣ በጣያራ፣ ጎረቤቶቼ አምጥተውኝ ነበር፤ አልወረድንም እንጂ» አለችው።

ልጁ ጽፎ፣ «ጎረቤቶችዎ ኢትዮጵያውያን ናቸው?» አላት።

«አዎ፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው።»

«ጥሩ ነው፣ ዘመድ አይጠፋዎትም። አሁን የት ናቸው?»

«ሱዳን» አለችው። «እዚያ ስደተኞች ናቸው።»

ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ አለችኝ።