ሩሲያን የለካት ልብስ ሰፊ

ሰው ረግጦት ስለማያውቀው አገር ስፋት የሚከራከረውን ያህል ስለ ገዛ ጓሮው አይከራከርም። ጓሮውን ያውቀዋላ። አጥብቀን የምንይዘው የማናውቀውን ነው። እናንተም ብትሆኑ ራሳችሁን ታዘቡ።

እኔ ዓለምን የተማርኩት ከግድግዳ ነው። በወጣትነቴ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር አጠገብ ጆንያ እየተሸከምኩ የማድርባት ክፍል ጭቃዋ ረግፎ ነፋስ ስለምታስገባ፣ ከትምህርት ቤት የተጣለ የዓለም ካርታ ለጥፌባት ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አልወድም። ብቻ ሲርበኝ አገር እቆጥር ነበር። ከሁሉም ሰፊዋ ሩሲያ ነበረች፤ አፍሪካን ሁለት ጊዜ የምትውጥ። ይህን እንደ ጸሎት ያዝኩት።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ለአብዶሽ ነገርኩት። አብዶሽ ከፈላና በር ወደ ውስጥ ሲገባ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጆንያው ዘመን ጀምሮ ወዳጄ። ኮፍያ እየሰፋ ነበርና ቀና ሳይል፣ መሬት ክብ ከሆነች ካርታው መዋሸቱ ግድ ነው አለኝ። ክብ ኮፍያ ተርትረህ ጠረጴዛ ላይ ላንጥፈው ብትል ወይ ይቀደዳል ወይ ጠርዙን ትለጥጠዋለህ፤ ያቺ ሩሲያህ ደግሞ ጠርዝ ላይ ናት። ደንበኞቹ ሳቁ። በእኔ መሰለኝ።

«አንተ ስፌትህን ስፋ» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም። ኤረር በር ለመሄድ ጀጎልን በውስጥ የማቋርጠው ሰውዬ፣ በሱቁ ላለማለፍ ስል ግንቡን በውጭ መዞር ጀመርኩ። ጉልበቴ አልወደደውም። የሚያጫውተኝም አላገኘሁም፤ በዚህ ዕድሜ ወዳጅ እንደ አዲስ አይያዝም።

ባለፈው ሳምንት የጂኦግራፊ አስተማሪ የሆነችው ልጄ በስልኳ ላይ አገሮችን በጣቷ እየጎተተች አሳየችኝ። ያቺን ትልቅ ግሪንላንድ ከሰሜን አውርዳ ኮንጎ ላይ ብታስቀምጣት ኮንጎ ተረፈች። ሩሲያን ወደ አፍሪካ ብትጎትታት በፈላ ውኃ እንደ ታጠበ ሹራብ ተሰበሰበች። ከአፍሪካ ግማሽ ትንሽ ብታልፍ ነው። ካርታ ክቡን ነገር ሲዘረጋ ዳር ዳሩን ይለጥጠዋል፣ አባዬ፣ አለችኝ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው እንዳለ አልነገርኳትም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእኔ ከታየ ሦስት ዓመት አልፎታል።

በማግስቱ በውስጥ በኩል ሄድኩ። አብዶሽ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ፣ ሩሲያ ከአፍሪካ ታንሳለች አልኩት። መርገጡን አላቆመም።

«ወላሂ፣ ሩሲያ ብታንስ ብትበልጥ ምን ገዶኝ» አለ። «ሰው ፊት ስፌትህን ስፋ ያልከኝስ?»

ለዚህ ስልክ ላይ የሚጎተት ነገር የለም። ጆንያ ከዚህ ይቀል ነበር።

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

መኪናው ዝም አለ። በርጩማ በእግሩ ገፋልኝና ተቀመጥኩ። እሱ ግን ፊቴን ሳይሆን ትከሻዬን ነበር የሚያየው። ዞር አደረገኝና የሸሚዜን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ልብስህን የሰፋልህ ማነው?»

ሌላ ሰፊ እንደሆነ ነገርኩት።

«ያስታውቃል» አለ።