የዲሬክተሩ ዓሦች

የመንግሥት ሠራተኛ ያገባች ሴት ሁለት ባል አላት። አንደኛው በሽማግሌ ተጠይቃ ያገባችው ነው፤ ሁለተኛው ማንም ሳይጠይቃት የመጣባት የባሏ አለቃ ነው። የመጀመሪያው ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላ ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። የሁለተኛውን ግን ባልየው ራሱ ማታ ማታ እየመጣ ያስጠናታል። አለቃው ጎመን አልወድም ካሉ እዚያ ቤት ጎመን ሁለተኛ አይቀቀልም። አለቃው ጢማቸውን ከተላጩ ባልየው በማግስቱ አገጩን አብለጭልጮ ይመጣል። ይህቺ ሴትዮ ሐሜት ጀመረች ትሉ ይሆናል... እኔ ግን በገዛ ጋቢዬ የከፈልሁበትን ነገር ነው የማወራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጎንደር፣ ከፒያሳ ጀርባ ባለው ሰፈር እንኖር ነበር። ባለቤቴ ሙሉጌታ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። እጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ደመወዙን ሳያጎድል ያመጣል፤ ሲቆጣም ቶሎ ይበርድለታል። በጠቅላላው የሚጣል ባል አልነበረም። ታዲያ አንድ ቀን አውሮፓ ተምረው የመጡ አዲስ ዲሬክተር ከአዲስ አበባ ተሾሙላቸው። እኒህ ሰው ከነጓዛቸው ሲገቡ ከማኪናው ላይ ከሁሉ በፊት፣ ከሚስታቸውም በፊት ማለት ነው፣ በጥንቃቄ የወረደው አንድ የመስተዋት ሣጥን ነበር። ውስጡ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ዓሦች አሉበት። ጎናቸው ላይ እንደ በራ አምፖል የሚያበራ ሰማያዊ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ቀይ አላቸው። ባንድነት ይሄዳሉ፤ ባንድነት ይዞራሉ።

ሣጥኑ ዲሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ፊርማ የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓሦቹን ማድነቅ ግዴታው ሆነ። ባለቤቴ እንዳጫወተኝ፣ በመሬት ክርክር ከወገራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሣጥኑን ብዙ ተመልክተው፣ «ጌታዬ፣ እኒህ ደግሞ በምን ተከሰው ነው?» ብለው ጠየቁ። የሽማግሌው ፋይል ለረጅም ጊዜ ጠፋ ተባለ።

ዲሬክተሩ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው ትምህርት ይሰጡ ነበር። «እኒህን ተመልከቱ። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። ኅብረት ማለት ይህ ነው» ይሏቸዋል። ሠራተኞቹም ሁሉም ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዓሦቹ የሚለዩት ኮት በመልበሳቸው ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን የክፍል ሹምነት ቦታ ተከፈተ። ባለቤቴ ዓሣ ማድነቅ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኔን በሠርጋችን ቀን ያየኝን ያህል ሦስት እጥፍ አይቷቸው መሆን አለበት፤ ዲሬክተሩ ልባቸው ተነክቶ ጥቂቶቹን ሰጡት። አንድ ቀን በትልቅ ጠርሙስ ታቅፏቸው መጣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልሁት።

«ቀስ በይ፣ ይደነግጣሉ።»

«ማን ነው የሚደነግጠው?»

«ዓሦቹ ናቸዋ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ለእኔ ብቻ ነው የሰጡኝ። ሹመቱ ወዴት እንደሚሄድ እንግዲህ ገምቺ።»

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ሥራ የላቸውም። አኳሪየም ነው የሚባለው።»

ቃሉ አፌ ላይ አልቆም አለኝ። እኔ «አሳሪየም» አልሁት፤ ውሎ አድሮም ስሙ የተገባው ሆነ፤ አሰረኛ። ፒያሳ ያለው መካኒክ የመስተዋት ሣጥን ሠራልን፤ የእኔ ቁም ሣጥን ከሳሎን ወጥቶ ጓዳ ገባና እሱ በቦታው ተሰየመ። በርበሬ በቤት ውስጥ መቁላት ተከለከለ፤ ጢሱ ያሳምማቸዋል ተባለ። በር መዝጋት በቀስታ፣ ማስነጠስ በደጅ ሆነ። ልጆቻችን ከውጭ ሲገቡ የአባታቸውን ጉልበት ሳይስሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በዓሦቹ አጠገብ ቀስ ብሎ ማለፍ ለመዱ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ብርዱ ነው። ዓሦቹ የሞቃት አገር ፍጥረቶች ናቸው፤ ከሣጥኑ በላይ የተሰቀለው አምፖል ውሃውን ያሞቀዋል፤ የከተማው መብራት ሲጠፋ ግን ይበርዳቸዋል። ስለዚህ እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ ጋቢ ማታ ማታ ከእኔ ላይ እየተገፈፈ ሣጥኑ ላይ ይደረብ ጀመር። የጎንደርን የኅዳር ብርድ የምታውቁ ፍረዱኝ። እኔ ጥርሴን እያንቀጫቀጭሁ፣ የዲሬክተሩ ዓሦች በእናቴ ፈትል ተኝተው ያድራሉ።

አንድ ሰኞ ሙሉጌታ ፊቱ በርቶ መጣ። ዲሬክተሩ ከነባለቤታቸው እሑድ አመሻሹ ላይ ቤታችን ሊመጡ ነው፤ ዓሦቹ እንዴት እንደተያዙ ሊያዩ ነው። ሐሙስ ከሥራ ቀርቶ ቤት ዋለ። ሣጥኑን እንደ መስተዋት አጠራዋለሁ ብሎ ዓሦቹን ወደ ጠርሙሳቸው መለሰና እጅጌውን ሰበሰበ። በምን እንደሚፈትገው ባየሁ ጊዜ ክው አልሁ። ለበዓል ነጠላችን ማጠቢያ ያስቀመጥሁት እንዶድ ነው።

«ተው፣ ቀሃ ወንዝ ላይ እንዶድ ሲታጠብበት ዓሣው ሆዱን ሰጥቶ ነው የሚንሳፈፈው» አልሁት።

«ያ የወንዝ ዓሣ ነው» አለኝ ዘወር እንኳ ሳይል። «ይህ ከውጭ አገር የመጣ ነው።»

አለቀለቀው፤ ውሃ ሞላበት፤ ዓሦቹን መለሳቸው። መስተዋቱ እውነትም አበራ። ምሳ በልተን ስንነሣ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ባንድነት ኖረው ባንድነት ሞቱ። ሙሉጌታ ወንበር ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠና እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቀረ። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ተውሁት። ለቀስተኛ እንዳይመጣብን መዝጊያውን ዘጋሁለት።

በማግስቱ በእህል ጫኝ ማኪና ተሳፍሮ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ወረደ። እዚያ ሽምብራና ጤፍ የሚያርሱ የአባቱ ወንድም አያ ታረቀኝ አሉ። በበቅሎ አድርገው ጣና ዳር አደረሱት። የኔው ጸሐፊ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና በነጠላው ጥቃቅን ዓሣ ይጠልፍ ጀመር።

አያ ታረቀኝ ዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩ። «ምነው ልጄ፣ ሸጋ ሸጋው ዓሣ ሞልቶ ይህን ምናምን ታጠራቅማለህ?» አሉት።

«ትንንሹን ነው የምፈልግ አያ። ለአለቃዬ ነው።»

«አለቃህ ጥርስ የላቸውም?»

ቅዳሜ በእንስራ ሙሉ ውሃ ዓሣውን ይዞ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። ዓሦቹ ቁመታቸው ደኅና ነው። ቀለማቸው ግን አመድ ነው። እሱ ግን መላ አላጣም፤ የልጆቹን የከረሜላ ወረቀት፣ ቀዩንና ሰማያዊውን፣ ሰብስቦ ከአምፖሉ ዙሪያ ለጠፈ። መብራቱ ሲበራ ውሃው ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ተንቦገቦገ። ዓሦቹም በመጠኑ ቀሉ።

እሑድ ዲሬክተሩና ባለቤታቸው መጡ። ዶሮውን በልተው እጃቸውን ታጥበው ወደ ሣጥኑ ቀረቡ። ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«አድገዋል» አሉ።

«ያድጋሉ ጌታዬ።»

«የጎንደር ውሃ ተስማምቷቸዋል ማለት ነው።» በዚህ መካከል አንዱ ዓሣ ወደ መስተዋቱ ተጠጋና ዲሬክተሩን ፊት ለፊት አያቸው። አፉ ግራና ቀኝ እንደ ክር የቀጠኑ ጢሞች አሉት። አምባዛ ነው፤ የአምባዛ ግልገል። ጣና ዳር ያደገ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ዓሣ። «ይህስ ጢም አውጥቷል» አሉ።

የሙሉጌታ ግንባር በላብ ችፍ አለ። «ሲጎለምሱ ነው ጌታዬ።»

«አዎን፣ አዎን... መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ» አሉ ዲሬክተሩ።

ወጡን ላማስል ብዬ ጓዳ ገባሁ። የሚማሰል ወጥ አልነበረም፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው የቆየሁት። ስመለስ ዲሬክተሩ «ባለጢሙን ከእኔዎቹ ጋር ላራባው» ብለው ተመርጦላቸው በጠርሙስ ገብቷል። ከቀዩ ብርሃን ሲወጣ የምድጃ አመድ መስሏል። ባለቤታቸው «ምነው ቀለሙ ጠፋ?» አሉ። «ከዘመዶቹ ሲለይ ይገረጣል፣ እመቤቴ» አለ ባሌ። አዘኑለት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዲሬክተሩ ዓሦች መጉደል ጀመሩ። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። ባለጢሙ ብቻ ይወፍራል። በመጀመሪያ ድመት ተጠረጠረችና ተባረረች። ዓሣው ግን መጉደሉን አልተወም። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ተጠረጠረ። ቢሮውን በሌሊት የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ስለዚህ እያወጣ ጠብሶ በልቷቸዋል ተባለ። ያቺን የምታክል ዓሣ ጠብሶ የሚጠግብ ዘበኛ እግዜር ይስጠን። ያም ሆነ ይህ፣ ሰውየው ከነልጆቹ ከሥራ ሊወጣ ቀኑ ተቆርጦለታል።

ሙሉጌታ ምግብ አልበላ አለ። «ልንገራቸው ይሆን?» አለኝ።

«ንገራቸው።»

«ሹመቱስ?»

«እንግዲያው አትንገራቸው።»

«ዘበኛውስ?»

ኮቱን አንሥቼ ቦረሽሁለት። መልሱን ያውቀዋልና። በማግስቱ ጥዋት ኮቱን ለብሶ እንደ ታራጅ በግ አንገቱን አቅርቅሮ ወጣ። ዲሬክተሩ ቢሮ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ፤ እንዶዱን፣ እንስራውን፣ የከረሜላውን ወረቀት፣ አምባዛውን። ዲሬክተሩ ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው መዝጊያውን ዘጉት።

«አቶ ሙሉጌታ፣ ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«አልነገርሁም ጌታዬ።»

«እንዳትነግር።»

በቃ፣ ይህ ብቻ ነው የተባለው። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ ያሉ ሰው፣ አላነበብሁትም ሊሉ ነው? ዘበኛው ሥራው ላይ ቀረ። አምባዛው በዚያው ሳምንት «በአፍሪካ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ዘር» ሆኖ ለሠራተኞች ተዋወቀ፤ ሠራተኞቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእነሱ መካከል ግማሹ የደምቢያ ተወላጅ ነው፤ አምባዛ እየበላ ያደገ። አንዱም ትንፍሽ አላለም። ሹመቱ ለማን ሄደ? ለዲሬክተሩ ሚስት ወንድም። ሰውየው ዓሣ በሕይወቱ ሲያይም ሲቀምስም አልታየም።

ያን ቀን ሙሉጌታ ቀጥ ብሎ መጥቶ ዐልጋው ላይ ተጋደመ። አልተቆጣም፤ አላማረረም። እኔም የተዘጋጀሁበትን የምላስ ቅጣት ሁሉ ዋጥሁት። ለዘበኛው ብሎ ተስፋውን ሲያጠፋ ያየሁት ሰው ነውና ጋቢዬን በእጄ አመጣሁና ደረብሁለት። እኛ ቤት የቀሩት የጣና ዓሦችም የሚያደንቃቸው ጠፍቶ አንድ ባንድ አለቁ። ሣጥኑ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አኖርሁበት፤ በጣም ይመቻል።

ከዓመት በኋላ ዲሬክተሩ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። አምባዛው በዚያን ጊዜ ሣጥን አይበቃውም ብለው ግማሽ በርሜል ውስጥ አድርገውት ነበር። በስንብቱ ግብዣ ላይ ዲሬክተሩ ተነሥተው ንግግር አደረጉና፣ «ይህን ብርቅ ፍጥረት ከሁላችሁ ይልቅ ስለ ዓሣ ጠለቅ ያለ እውቀት ላለው ለአቶ ሙሉጌታ ትቼዋለሁ» አሉ። ተጨበጨበ። ባሌ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ሌላ ምን ያድርግ?

በርሜሉን ሁለት ኩሊዎች ተሸክመው ግቢያችን አስቀመጡት። ሙሉጌታ ዞር ብሎም ሳያየው ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ደግሞ ቢላዋውን አንሥቼ ወጣሁ።

ማዕድ ሲቀርብ አልበላም አለና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ልጆቹና እኔ በላን። ሽታው አላስቻለውም መሰል፣ ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን ወደ ገበታው ሳበ። አንድ ጊዜ ጎረሰ። አላምጦ አላምጦ ዋጠና ወደ እኔ ቀና አለ።

«ጨው አንሶታል» አለኝ።

ያ ሣጥን ቤቴ ከገባ ጀምሮ ስለ ዓሣ ብዙ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ ቀምሶ የተናገረው ይቺን ብቻ ነው። ጨው ጨመርሁለት።