የእድሩ ድስትና የእኔ አሲድ

ብቻውን የሚኖር ሰው ከሰው የሚያገናኘው አንድ ሰበብ አያጣም። አንዱ ውሻ ያሳድጋል፣ ሌላው ኳስ ይከታተላል። እኔ የእድር ድስት አስቀምጣለሁ። ለቡ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ልጆቼ አግብተው ሲወጡ ባዶ በቀረው ክፍል፣ አራት ትልልቅ የአልሙኒየም ድስቶች ነበሩኝ። ለቅሶ ሲኖር ሰው አንኳኩቶ ይወስዳል፤ ሲያበቃ ደግሞ ሊመልስ ያንኳኳል። አንድ ለቅሶ፣ ሁለት እንግዳ። ሰው ይሙት ብዬ ግን ጸልዬ አላውቅም። እድርተኛው ሁሉ ጤና ሆኖ ወራት ሲያልፉ ብቻ... እሱን እንኳ እንተወው።

ባለፈው የተመለሰው ትልቁ ድስት ቂጡ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። እንጨት ላይ ከመጣዱ በፊት አመድ በውሃ በጥብጠው ይቀቡታል፤ ያን ቀን ረስተዋል። እኔ ደግሞ አሳምሬው ልመሰገን ፈለግሁ። ሽንት ቤት ለማጽዳት የገዛሁት አሲድ ስለነበረ፣ ድስቱን በረንዳ ላይ ገልብጬ ጎድጎድ ያለው ቂጡ ላይ አፈሰስኩበት።

ያልተማረ ሰው ቢያደርገው አይፈረድበትም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «አልሙኒየም ለአሲዱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ እየሰጠ ይሟሟል። ሃይድሮጂን ይቀበልና ጋዝ ሆኖ ይሄዳል» እያልኩ ስንቱን ተማሪ አስሸምድጃለሁ። ሰጪው ያልቃል፣ ተቀባዩ ይበራል። ልጅ ያሳደገ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የተማመንኩት አልሙኒየም ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስላለው ነው። አሲዱ ሽፋኑን እስኪበላ ብረቱን አይነካውም፤ ጥላሸቱ ሲለቅ ቶሎ አጥበዋለሁ ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ደቂቃ ስልኬ ጠራ።

ስልኬ ከጠራ ስንት ጊዜው! ሮጬ ገባሁ። አንዲት ሴት ከብስራተ ገብርኤል ነው የምትደውለው፤ ሶፋ የሚያለብስ ባለሙያ ፈልጋ ቁጥር ተሳስታለች። ጨዋ ሰው «ተሳስተዋል» ብሎ ይዘጋል። እኔ ሶፋው ባለስንት መቀመጫ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከዚያ ስለ ጨርቁ ቀለም፣ ከዚያ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ከዚያ ስለ ውሃ ፈረቃ ተጨዋወትን። ስትሰናበተኝ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። ስሟን ሳልጠይቃት መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወደ በረንዳው ስመለስ ድስቱ ግራጫ አረፋ እየደፈቀ ይንጨረጨራል። አፍንጫዬን ይዤ በባልዲ ውሃ ደፋሁበት። አረፋው ሲጠራ በድስቱ ቂጥ በኩል የበረንዳዬን ወለል አየሁት። ቀዳዳው ቡጢ ያስገባል።

እድሩ ሲሰበሰብ ድስቱን ታቅፌ ቀረብኩ። የፈራሁት ቅጣቱን አልነበረም፤ የቀሩትን ድስቶች እንዳይወስዱብኝ ነው። የሆነውን ሁሉ ተናዘዝኩ፤ ስለ ኦክሳይዱ ሽፋንም አስረዳሁ፣ የሰማኝ ባይኖርም። ጸሐፊው ደንቡን አነበበ፦ የእድር ዕቃ ያበላሸ ዕቃውን ይተካል፣ መቀጫውንም ጸሐፊው በየወሩ ቤቱ ድረስ እየሄደ ይቀበለዋል። እሺ ልል ስል ሰብሳቢያችን አቶ ሽኩር እጃቸውን አነሱ።

«መምህርን አንቀጣም» አሉ። «የኔን ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጥፋቱስ የኛ ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ድስት ያስጠበቅናቸው እኛ ነን። ከእንግዲህ አናስቸግራቸውም፣ ይረፉ።»

ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ለመቃወም ብሞክርም ትሕትና መሰላቸው።

በማግስቱ መጥተው ሦስቱን ድስቶች ወደ ምድር ቤት አወረዱ። ያን ቀን አራት ሰው ቤቴ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። ክፍሉ ባዶ ነው፣ እኔም «ይረፉ» ተባልኩ እንጂ አላረፍኩም። ምናለበት ትንሽ ቢጨክኑብኝ? ቢቀጡኝ ኖሮ፣ ቢያንስ ጸሐፊው በወር አንድ ቀን ያንኳኳ ነበር።